የጥቁሯ ጠጠር ባለቤት

ጀልባዋ ከሮትፉርት ወደብ ስትላቀቅ ሃያ ሦስቱ የዘፈን ማኅበር አባላት ባርኔጣቸውን እያውለበለቡ ጮኹ። ሃያ አራተኛው፣ መጽሐፍ ጠራዡ ቬንደሊን ሆፍለር፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ሆዱ ላይ ይዞ ከገመድ ክምሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። እ.ኤ.አ. የ1846 ሰኔ ነው። ጉሙ ከጀርመኑ ማይን ወንዝ ላይ ገና አልተነሣም። በአዘቦት ቀን ወይንና ጥርብ ድንጋይ የምታመላልሰው አሮጌ ጀልባ ዛሬ ዙሪያዋን የባሉጥ ዛፍ ቅጠል ተሸልማ፣ አናቷ ላይ የማኅበሩን ሰማያዊ ሰንደቅ ተክላ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሃያ አራት ወንዶች፣ ሁለት በርሜል ወይንና አንድ ትልቅ ቅርጫት ቋሊማ ጭና ቁልቁል ወደ ቬርንባህ የዘፈን በዓል ጉዞ ጀመረች።

«ቬንደሊን!» ብላ ሚስቱ ዋልቡርጋ ከወደቡ ጮኸች። «ላይኛዋ ድምፅ ጋ ስትደርስ አፍህን ክፈት እንጂ ዓይንህን አትጨፍን! ሰው ሆድህን የቆረጠህ ይመስለዋል!»

ወደቡም ጀልባውም ሳቀ። ቬንደሊን እንደ ምንም ብሎ ፈገግ አለ። ዓይኑ ግን ዋልቡርጋ ላይ አልነበረም። ከሴቶቹ ራቅ ብለው፣ የዕቃ ማንሻው ሥር፣ የሙዚቃ መምህሩ ሄር፣ ማለትም አቶ፣ ሂርሽ አንስባከር ቆመዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ትናንት ከደረሰበት በኋላ መስኮቱን ዘግቶ ቤቱ ይውል ነበር። እሳቸው ግን የክት ካፖርታቸውን ለብሰው ሊሸኟቸው መጡ። ቬንደሊንን ሲያዩት ቀኝ እጃቸውን አነሡና አየሩ ላይ ቀስ አድርገው ሁለት ጊዜ ወዘወዙት። የበረዶውን ወራት ሙሉ ሲያሳዩት የከረሙት ምልክት ነው፤ አትቸኩል፣ ረጋ በል ማለት ነው። ቬንደሊን ፊቱን አዞረ። ኀፍረቱ ከአንገቱ ተነሥቶ ጆሮው ድረስ አቃጠለው።

ሮትፉርት ትንሽ ከተማ ናት፤ ግን ትንሽ ነኝ ብላ አታውቅም። በቀድሞው የእህል ጎተራ በየወሩ ቲያትር ይታያል፤ ንጉሡን ሆኖ የሚጫወተው ዳቦ ጋጋሪው ስለሆነ ከዘውዱ ላይ ዱቄት አይጠፋም። ጋዜጣ በዱላ ተሰክቶ የሚነበብበት የንባብ ክበብም አላት። ከሁሉ በላይ ግን የዘፈን ማኅበሯ ነው። እዚያ ያልገባ ሰው በሮትፉርት ግብር ከፋይ ቢሆን ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። የገባ ግን፣ መድኃኒት ቀማሚም ይሁን በርሜል ሠሪ፣ ለሌላው «ወንድም» ነው። «እርስዎ» ይቀርና «አንተ» ይባባላሉ። ሲያገባ ይዘፈንለታል፣ ልጁ ክርስትና ሲነሣ ይዘፈንለታል፣ ሲሞትም ሰንደቁ መቃብሩ ላይ ዝቅ ይልለታል።

አንስባከር ሮትፉርት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረዋል። የቫዮሊን ክርና የዘፈን ወረቀት ይሸጣሉ፤ የደህና ሰው ሴት ልጆችን ሁሉ ፒያኖ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። አይሁዳዊ ናቸው፤ ነገር ግን የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በታመመ ቁጥር ቄሱ ልከው የሚያስጠሩት እሳቸውን ነው። የማኅበሩ አሮጌ አለማማጅ ጆሮው ከደነቆረ ወዲህ ሃያ አራቱንም ወንዶች ሲያለማምዱ የከረሙት እሳቸው፣ ዛሬ ለውድድር የሚቀርበውን «አሻጋሪው» የተባለውን ዘፈን ግጥሙንም ዜማውንም የሠሩት እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ያደረጉት በእንግድነት ነው። ልምምዱ አልቆ ወንድማማቾቹ ጽዋ ሊያነሡ ሲቀመጡ አንስባከር ኮፍያቸውን አንሥተው፣ እጅ ነሥተው ይወጣሉ። በደንቡ መሠረት ከሰንደቁ ሥር ቆሞ መዘመር የሚችለው አባል ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ቬርንባህ አብረው እንዲሄዱ ትናንት ከሰዓት በኋላ በአባልነታቸው ላይ ድምፅ ተሰጠ።

ድምፅ የሚሰጠው በጠጠር ነው። ከወንዙ ዳር የተለቀሙ፣ ውኃ ያለሰለሳቸው፣ የርግብ እንቁላል የማያክሉ ጠጠሮች፤ ነጭና ጥቁር። እያንዳንዱ አባል ከሁለቱም አንድ አንድ ይይዛል፤ እጁን የምርጫውን ሳጥን በሸፈነው አረንጓዴ ጨርቅ ሥር ከትቶ አንዱን ሳጥኑ ውስጥ ይጥላል፣ ሌላውን ከጎኑ ወዳለው ከረጢት ይመልሳል። ማን ምን እንደጣለ አይታይም፣ መጠየቅም ነውር ነው። ሳጥኑ ሲገለበጥ አንዲት ጥቁር ብትገኝ እንኳ ሰውየው አይገባም።

ቬንደሊን ጥቁሯን ጣለ።

አንስባከርን ጠልቶ አይደለም። ቢጠላቸው ኖሮ ዛሬ ቢያንስ የሚለው ነገር ይኖረው ነበር። ኖታ ማንበብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ያቺን ላይኛዋን ድምፅ ከጉሮሮው ውስጥ ፈልገው ያገኙለት እሳቸው ናቸው። ነገሩ የሆነው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። አንስባከር ቤት ፎቅ ላይ ሲለማመዱ ቬንደሊን ለብቻው የሚዘፍነውን ክፍል ደጋግሞ ቢሳሳትበት አንስባከር «ይፍቀዱልኝ፣ ላሳይዎት» ብለው ራሳቸው ዘፈኑት። የሃምሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር። ታች ደጁ ላይ የምትጠብቀው ዋልቡርጋ ባሏ ሲወርድ «ማነው እንደዚያ የዘፈነው?» አለችው። «እኔ ነኝ» እንዳይላት አታምነውም። «እንዲህ ያለ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም» አለች ደግማ፣ ክፉ ሳታስብ። ያን ቀን ቬንደሊን እራቱን አልበላም። አንስባከር ከገቡ ማኅበሩ ሁለት የመጀመሪያ ቴነሮች፣ ማለትም ላይኛውን ድምፅ የሚዘፍኑ ሁለት ሰዎች፣ ይኖሩታል፤ ከሁለት አንዱ ደግሞ ሁለተኛ መሆኑ አይቀርም።

ከዚህ የሚከፋው ሒሳቡ ነበር። የጨው ነጋዴው ኦትማር ክሩግ ጥቁር እንደሚጥል ሮትፉርት ያለ ድመት እንኳ ያውቃል። ክሩግ አንስባከርን መንገድ ላይ ባገኘ ቁጥር ነገር ሳይወጋቸው አያልፍም፤ አይሁዳዊ ከሰንደቁ ሥር አይቆምም እያለ በየመሸታ ቤቱ ሲዝት የከረመ ሰው ነው። እንግዲህ የክሩግ ጠጠር ብቻዋን በሩን ትዘጋለች፤ የእኔ ብትጨመርባት ምን ታመጣለች? ማንንም አልጎዳም፤ ለራሴ ብቻ ልቤን ቀለል ይለዋል ብሎ አሰበ። ጨርቁ ውስጥ እጁን ሲከት ይህ ሐሳብ በእርግጥ ልቡን ቀለል አድርጎለት ነበር።

ሊቀመንበሩ፣ መድኃኒት ቀማሚው ዚበርት፣ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ሃያ ሦስት ነጭ፣ አንዲት ጥቁር።

ሰው ሁሉ ክሩግን አፍጥጦ አየው። ቬንደሊን ጠረጴዛውን ደጋግሞ አየ፤ ሌላዋ ጥቁር ተንከባላ ወድቃ እንደሆነ ብሎ ወንበሩ ሥር ሳይቀር ፈለገ። ዚበርት መርዶውን ሊነግራቸው ወደ ታች ሲወርድ አንስባከር ደረጃው ሥር በክት ልብሳቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«ስንት?» አሉ።

«አንዲት።»

«አንዲት ብቻ?» አንስባከር ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ታዲያ ሃያ ሦስት ሰው ወዶኛል ማለት ነዋ።»

ቬንደሊን ይህን ከፎቅ ሆኖ ሰማው።

ጀልባዋ የመጀመሪያውን የወንዝ ጥምዝ እንደዞረች ወይኑ ተከፈተ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ሰዓት ቀልዱ ይደራል፣ አንዱ የሌላውን ሚስት ድምፅ እያስመሰለ ያስቃል። ዛሬ ቋሊማው ይቆረጣል፣ ቂጣው ይዞራል፣ የሚናገር የለም። የሰውየውን ዘፈን ይዞ ሰውየውን ወደብ ላይ ጥሎ መሄድ ለማንም አልተመቸም። ሲያፍር ደግሞ ሰው ቶሎ የሚፈልገው ከእሱ የባሰ ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው እነሆ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀይ ሥር በጨው ያላምጣል።

«ይጣፍጣል?» አለው በርሜል ሠሪው ኤርሃርድ።

«ጨዉ የራሴ ነው፤ ለምን አይጣፍጥ?» አለ ክሩግ። ወፍራም፣ አንገቱ የሚቀላ፣ ድምፁ ከምድር ቤት የሚወጣ የሚመስል ሰውዬ ነው። በማኅበሩ ውስጥ እንደሱ ያለ ወፍራም ድምፅ የለም።

«እንቅልፍስ ወሰደህ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃለህ።»

ክሩግ ቀይ ሥሩን አስቀመጠ። ዙሪያውን አየ፤ ሁሉም እያዩት ነው። «አሃ» አለ። «ያቺ ጠጠር የእኔ ናት ብላችሁ ነው ለካ ከትናንት ጀምሮ ሰላምታዬን የምትውጡት። ስሙኝ፤ ነጭ ነው የጣልኩት።»

ሳቁ ጀልባዋን አናጋት። ደስታ የሌለበት ሳቅ ነበር።

«እውነቴን ነው!» ክሩግ ተነሣ። «ሰውዬውን አልወደውም። አልወደውም! ፊት ለፊቱ ነግሬዋለሁ፣ ነገም እነግረዋለሁ። ግን ያን ዘፈን ስንለማመድ… ያ ‹እኔ ነኝ፣ አሻግረኝ› የምንለው ቦታ… እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን እንባዬ ይመጣል። ምን ላድርግ? በዚያ ላይ አባል ካልሆነ ‹አንተ› ብዬ ልሰድበው አልችልም! እዚሁ ውስጥ አስገብቼ ብሰድበው ይሻለኛል ብዬ ነጭ ጣልኩ። ይኸው ነው።»

«ይሄን ለጨው ደንበኞችህ ንገራቸው» አለ ኤርሃርድ።

«የጨው ሚዛኑንም እንዲህ ነው የሚምልበት» አለ ሌላው ከወዲያ።

ሊቀመንበሩ ዚበርት መነጽሩን አወለቀ። ፍርድ ሲሰጥ እንዲህ ያደርጋል። «ወንድም ክሩግ» አለ፤ «ጠጠርህን መጠየቅ ነውር ስለሆነ አንጠይቅህም። ነገር ግን ያን ሰው አስወጥተህ ስታበቃ የሱን ዘፈን ከእኛ ጋር ልትዘፍን፣ ይባስ ብለህም ልትዋሸን አትችልም። ዛሬ ከሰንደቁ ሥር አትቆምም።»

«ዚበርት!»

«ጥብጣብህን ፍታ።»

የማኅበሩ ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ በእያንዳንዱ ሰው ደረት ላይ ተሰክቷል። ክሩግ አልፈታም። ዚበርት ግን መጨረስ የፈለገ ይመስል ዘወር ብሎ «ቬንደሊን» አለ። «ከሁላችን ለአንስባከር የምትቀርበው አንተ ነህ። ተማሪው ነህ። አንተ ምን ትላለህ?»

ቬንደሊን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይህችን ሰዓት ሲያስታውሳት ይኖራል። ወንዙ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ቀዛፊው እንኳ መቅዘፊያውን አንሥቶ ይጠብቃል። ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። ሦስቱም ቃላት ምላሱ ላይ ነበሩ። የመጣለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የዋልቡርጋ ፊት፣ መሸታ ቤቱ ውስጥ ያለው ቦታው፣ ከሰዓት በኋላ የሚዘፍነው ብቸኛ ክፍል።

«እኔ… የሊቀመንበሩን ውሳኔ እቀበላለሁ» አለ።

ክሩግ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጥብጣቡን በገዛ እጁ ፈትቶ ለዚበርት ሰጠውና ወደ ቦታው ተመለሰ። «ከእናንተ ውስጥ አንዱ» አለ ለማንም ሳይሆን፣ «በሆዱ እየሳቀብኝ ነው።»

በዚህ ብቻ ተሳስቷል። ቬንደሊን አልሳቀም። የክሩግን ዓይን ሸሽቶ ውኃውን ሲያይ እዚያም የራሱ ፊት ጠበቀው፤ ራሱን ተጸየፈ። ክሩግ ክፉ አፍ ያለው ሰው ነው፤ ግን ክፋቱን ይዞ አደባባይ ይቆማል። እኔ ደግሞ ክፋቴን የሱ ካፖርት ውስጥ ደብቄ እሱን አስገረፍኩት ሲል ለራሱ ተናገረ። ይህን ለራሱ መናገሩ ግን ለማንም ምንም አላደረገም።

ቬርንባህ ሲደርሱ መስኩ በሰው ጥቁር ብሏል። ከላይም ከታችም ከወንዙ ዳር ከተሞች የመጡ ማኅበራት በየሰንደቃቸው ሥር ተሰልፈዋል። ከሳንቃ የተሠራው አዳራሽ ግንብ የለውም፤ ጣሪያው በጥድ ቅርንጫፍ ተሸፍኖ ጎኑ በአጥር ብቻ ተከልሏል። ቢራው ይፈሳል፣ ቀንደ መለከቱ ይጮኻል፣ ሴቶች ከሠረገላ ላይ አበባ ይወረውራሉ። የበዓሉ መርሐ ግብር ታትሞ ይታደላል። ቬንደሊን አንዱን ተቀብሎ አነበበው። «የሮትፉርት ዘፈን ማኅበር፦ አሻጋሪው። ድርሰት፦ በማኅበሩ ወዳጅ።» ስም የለውም።

ተራቸው እስኪደርስ ከአዳራሹ ጀርባ ቆመው ጉሮሯቸውን ሲያሟሹ «ሄር ሆፍለር» የሚል ድምፅ ሰማ። አንስባከር ናቸው። በፖስታ ሠረገላ ቀድመዋቸው ደርሰዋል፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

«ቲኬት ቆርጬ ገባሁ» አሉ እየሳቁ። «ከሰንደቁ ሥር መቆም የማይፈቀድለት ሰው ወንበር ላይ መቀመጥ አይከለከልም። ጉሮሮዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው… ሄር አንስባከር።»

«ቀዝቃዛ ቢራ እንዳይጠጡ። ከላይኛዋ ድምፅ በፊት ያለችውን ትንፋሽ አይዝለሏት፤ ሁልጊዜ ይዘሏታል።» መርሐ ግብሩን በእጃቸው አራት አጥፈውታል። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሌላውን ሰው አልጠይቅም፤ ክሩግንም አልጠይቅም። የክሩግን አፍ ለምጄዋለሁ። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው ያስጨነቀኝ። የማንም ብትሆን እችለዋለሁ፤ የእርስዎ ብትሆን ግን…» ቃሉን አልጨረሱትም። «የእርስዎ ነጭ ነበረች አይደል?»

ቬንደሊን ዓይናቸውን አየ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየደጁ ኮፍያ አንሥቶ የመጠበቅ ልማድ ያለበት ዓይን ነው።

«ነጭ ነበረች» አለ።

አንስባከር ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ነክተውት አያውቁም ነበር። «አውቄ ነበር» አሉ፤ «መጠየቄ ራሱ ድፍረት ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ቬንደሊን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ መሬት ግን አልተከፈተችም፤ ተራቸው ተጠራና ወደ መድረኩ ወጣ።

ሃያ ሦስት ሆነው ቆሙ። ዚበርት እጁን አነሣ።

«አሻጋሪው» ቀላል ዘፈን ነው። ጀልባ ቀዛፊው ጉም በሸፈነው ወንዝ ላይ ሆኖ ይጣራል፤ ማዶ ያለ መንገደኛ ይመልስለታል። ቀዛፊው ቬንደሊን ነው። የመንገደኛውን መልስ ወፍራም ድምፅ ያላቸው አምስቱ ይዘፍናሉ። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ። ሕዝቡ የቢራ ኩባያውን አስቀመጠ። ቬንደሊን ያቺን ትንፋሽ ሳይዘል ሳበ፤ ዓይኑን ሳይጨፍን ወደ ላይኛዋ ድምፅ ወጣ፤ «ማዶ ያለኸው፣ ማነህ?» ሲል ድምፁ ከዘፋኙ ከራሱ የሚሻል ነገር ሆኖ ከጥድ ጣሪያው ሥር ሞላ። እንዲህ ዘፍኖ አያውቅም። ምን ያህል እንዳማረ ሲሰማው ኀፍረቱ ባሰበት፤ ለዚህች ድምፅ ሲል ነውና ያን ሁሉ ያደረገው።

አምስቱ መለሱ፦ «እኔ ነኝ፣ አሻግረኝ።»

አምስት አልነበሩም። ስድስተኛ ነበር። ከአጥሩ ውጭ፣ ቲኬት ካልቆረጠው ሕዝብ መሐል፣ ጥብጣብ የሌለው ሰውዬ ሁለት እጁን አጥሩ ላይ አድርጎ የራሱን ክፍል ይዘፍናል። ቀስ ብሎ ነው፤ መሰማት የፈለገ አይመስልም። ግን ያን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ከሺህ ሰው መሐል ይለየዋል። ቬንደሊን ለየው። እንባው በክሩግ ጉንጭ ላይ ሲወርድ ከመድረኩ ላይ ሆኖ አየ።

ጭብጨባው ለረጅም ጊዜ አላቆመም። ዳኞቹ ብዙ አልተማከሩም፤ የብሩ ጽዋና የባሉጡ አክሊል ለሮትፉርት ተሰጠ። ወንድሞች ተቃቀፉ፣ ዚበርት መነጽሩ ወድቆ ተሰበረ፣ ኤርሃርድ በርሜል የለመደ ክንዱን ዘርግቶ ቬንደሊንን ትከሻው ላይ አወጣው። «ቬንደሊን! ቬንደሊን!» እያሉ በአዳራሹ መሐል ይዘውት ዞሩ። አክሊሉን ራሱ ላይ ደፉበት። ከወንበሮቹ መሐል አንስባከር ቆመው ያጨበጭባሉ፤ ፊታቸው በርቷል።

«አውርዱኝ» አለ ቬንደሊን።

«አንተማ ዛሬ አትወርድም!»

«አውርዱኝ! ጥቁሯን ጠጠር የጣልኩ እኔ ነኝ!»

ያልሰማው የሰማውን ጠየቀ። ሰልፉ ቆመ። ቬንደሊን ከላይ ሆኖ ደገመው፤ «ክሩግ እውነቱን ነው። ነጭ ጥሏል። ጥቁሯ የእኔ ናት። ጀልባው ላይ ስትጠይቁኝ ዝም አልኩ።»

ከዚያ ዚበርት ያለመነጽሩ ዓይኑ እየተጨናበሰ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ልቡ ተነክቷል። «አያችሁ? አያችሁ ወንድሞች ምን ዓይነት ልብ እንዳለው? ክሩግን ውጭ ሲያየው አዘነለት። በደስታው ቀን ሰው እንዳያዝን ብሎ የሌላውን ጥፋት በራሱ ላይ ሊያደርግ ነው!»

«ኸረ አይደለም—»

«ዝም በል አንተ ሞኝ!» አለ ኤርሃርድ። «አንተ? የሰውየው ተማሪ? ማን ያምንሃል!»

«ይኑርልን ቬንደሊን!» አለ አንዱ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። አንዷ ሴት የአንገት ልብሷን ወረወረችለት። ቬንደሊን «እውነት ነው! እውነት ነው!» እያለ ቢጮኽም ጩኸቱ በእልልታው ውስጥ ጠፋ። ከዚህ በፊት ይህን ያህል ወድደውት አያውቁም። ከአጥሩ ማዶ ክሩግ ብቻ እጁን አጥሩ ላይ እንዳደረገ ሳይንቀሳቀስ ያየዋል።

«ሄር አንስባከር!» ብሎ ዚበርት በሰው ላይ ተጣራ። «እስቲ እርስዎ ይንገሩት! እንደሚዋሽ እርስዎ ይንገሩት!»

ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አንስባከር ሰልፉ ፊት መጥተው ቆሙ። ማጨብጨብ ትተዋል። ቬንደሊን ከኤርሃርድ ትከሻ ላይ ሆኖ፣ አክሊሉ ግንባሩ ላይ ወርዶ፣ ቁልቁል አያቸው፤ እሳቸው ሽቅብ አዩት። ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። የተማሪን ስሕተት ቶሎ መለየት ሥራቸው ነው።

«ዛሬ አንዴ ዋሽቶኛል» አሉ። «ይኼኛው ግን እውነት ነው።»

የደስታው ጩኸት ከፊት ተጀምሮ ወደ ኋላ ጸጥ እያለ ሄደ። ኤርሃርድ ትከሻው ላይ የያዘውን ሰው ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ማንም «ውረድ» አላለውም፣ ማንም «ቆይ» አላለውም። ቬንደሊን ራሱ ተንሸራትቶ ወረደ። አንድ ነገር ማለት ነበረበት፤ አፉን ሲከፍት ግን ያ ሁሉ ሕዝብ የሰማው ድምፅ አልወጣለትም።

አንስባከር ኮፍያቸውን ደፉ። መሄድ ጀምረው ቆም አሉና ዘወር ብለው አዩት፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ቬንደሊን ይችለው ነበር።

«ትንፋሿን አልዘለሏትም» አሉት። «ልክ እንዳስተማርኩዎት ነው የዘፈኑት።»

ከዚያም ወደ ሠረገላው ሄዱ።